መዝገበ ዱካ፦ ስለ አንድ አዲስ ቃልና ስለ ሥራ ፈላጊው ሰሚ

በሐዋሳ ከተማ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ የምትኖር የጎረቤቴ ልጅ፥ ስሙን በማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ለወጣ የሥራ ማስታወቂያ አመልክታ፥ ጥሪ ስትጠባበቅ ከሰነበተች በኋላ ሄዳ ብትጠይቅ፥ «ለፈተና ደውለንልሽ ነበር፤ አላነሣሽም፤ ቦታው ተይዟል» የሚል መልስ ተሰጣት። ወደ እኔም መጥታ ስልኳን በእጄ እያኖረች፥ «ጋሼ፥ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ፤ በዚያ ሰሞን የማላውቀው ቁጥር አንድም አልደወለልኝም» አለችኝ። አየሁ፤ ያለችው እውነት ነበር። ነገር ግን የስልክ ቁጥሯ ከማመልከቻዋ ላይ ሲገለበጥ አንዲት አኃዝ ተሳስታ እንደ ሆነ፥ ወይም ደዋዩ ሳይደውል ደወልሁ ብሎ እንደ ሆነ ለይቶ የሚያውቅ አልተገኘም፤ የተደወለበት ቀንና ሰዓት፥ የደዋዩም ስም በየትም አልተጻፈምና። ነገሩ ቃል ለቃል ሆኖ ቀረ፤ ቃል ለቃል የቀረ ነገር ደግሞ አዘውትሮ የሚፈረደው ወንበሩን ለያዘው ነው።

ዛሬ የማብራራው ቃል ለእንዲህ ያለው ችግር መድኃኒት ከሚሆን አንድ አሠራር ጋር የመጣ ነው። የቅጥር ሥራ በኮምፒዩተር በሚካሄድበት ስፍራ ብዙውን ጊዜ፥ ሶፍትዌሩ ከአመልካቹ ጋር የተደረገውን የመልእክት ልውውጥ፥ በማመልከቻውም ላይ የተፈጸመውን ክንውን በየተራው የሚያኖርበት መዝገብ አለ፤ ባለሙያዎቹም «ኦዲት ትሬል» ወይም «ኦዲት ሎግ» ይሉታል። እኛ መዝገቡን «መዝገበ ዱካ»፥ መዝገቡን እየገለጡ እውነቱን ማጣራቱን ደግሞ «ዱካ ምርመራ» ብንለው የሚስማማ ይመስለኛል።

ስለ ምን ዱካ ተባለ ቢሉ፥ ለዚህ አሳብ ቋንቋችን የሚያቀርባቸው ቃላት ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ፈለግ ነው፤ ነገር ግን «የአባቱን ፈለግ ተከተለ» ሲባል እንደምንሰማው፥ ፈለግ በፈቃድ የሚከተሉትን አርአያ እንጂ ለክርክር የሚቀርብ ማስረጃን አያሳስብም። ሁለተኛው ግእዙ አሠር ነው፤ የእግር ምልክት ማለት ሲሆን፥ «የአበው አሠረ ፍኖት» በሚለው የቤተ ክርስቲያን አነጋገር እስከ ዛሬ በክብር ይኖራል፤ ሆኖም ከማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ አድራሻ ለሚገለብጥ ወጣት ሳይተረጐምለት አይገባውም። ሦስተኛው ዱካ ነው። ዱካ ሂያጁ ሳያስበው በመሬት ላይ የሚተወው፥ ከብት የጠፋበትም ሰው አጐንብሶ እየተመለከተ ምን እንዳለፈ፥ ወዴት እንዳለፈ፥ ካለፈም ምን ያህል እንደ ቈየ የሚያነብበት ነው፤ ስለዚህ ከሦስቱ መካከል የምስክርነት ጠባይ ያለው እርሱ ነው። «መዝገበ» የሚለውም በ«መዝገበ ቃላት» የለመድነው ስለ ሆነ፥ ሁለቱን ማጋባት ለጆሮ አይከብድም።

በመዝገበ ዱካ የሚጻፈው ምንድር ነው? መልእክቱን የላከው ሠራተኛ ማን እንደ ሆነ፥ የተላከበት ቀንና ሰዓት፥ የተላከበት መንገድ፥ ይኸውም ኢሜይል ወይም አጭር የስልክ መልእክት ወይም የስልክ ጥሪ መሆኑ፥ የተላከበት አድራሻ፥ የመልእክቱ ቃል፥ ደርሶ ወይም ሳይደርስ ተመልሶ እንደ ሆነ፥ ከዚያም የአመልካቹ ጉዳይ «ለፈተና የተጠራ» ከሚለው ወደ «የቀረ» ሲለወጥ ለዋጩ ማን እንደ ነበረ ነው። በዚያች ልጅ ነገር እንዲህ ያለ አንድ መስመር ተጽፎ ቢገኝ ኖሮ፥ የተደወለበትን ቁጥር ከማመልከቻዋ ጋር በማስተያየት ብቻ ስሕተቱ በማን በኩል እንደ ነበረ ይታወቅ ነበር።

አሠራሩ በስሙ አዲስ ቢሆንም ለአገራችን ጽሕፈት ቤት ፍጹም እንግዳ አይደለም። በመዝገብ ቤት ገቢና ወጪ ደብዳቤ በቁጥርና በቀን ይመዘገባል፤ ከደብዳቤው ግርጌ «ግልባጭ» ተብሎ የሚያውቁት ክፍሎች ይዘረዘራሉ፤ ደብዳቤ አድራሹም ደብተሩን ይዞ ሄዶ ተቀባዩን ያስፈርማል። በደብተሩ ላይ ስሕተት ሲገኝ ጠንቃቃው ጸሐፊ አይፍቀውም፤ አንድ ቀጭን መስመር አስምሮበት፥ የቀድሞው እየተነበበ ሳለ፥ ትክክለኛውን ከአጠገቡ ጽፎ ይፈርምበታል። የመዝገበ ዱካም ዋና ሕግ ይኸው ነው፤ ይጨመርበታል እንጂ አይቀነስበትም፤ ስርዝ ድልዝም አይገባበትም። በብርቱ የተሠሩትማ እያንዳንዱ መስመር ከበፊተኛው መስመር በስሌት የወጣ ምልክት እንዲሸከም ስለሚያደርጉ፥ አንዱ በስውር ቢለወጥ ከእርሱ በኋላ ያሉት ሁሉ ሰንሰለቱ መበጠሱን ይመሰክራሉ።

ይህን ነገር ከሐዋሳ ሆኖ ማሰብ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ 60,000 ያህል ሠራተኞችን እንዲይዝ ታስቦ የተሠራ በመሆኑ፥ ሥራ ፈላጊዎቹ በየቀበሌው ተመዝግበው፥ የእጃቸው ቅልጥፍና በፈተና ተለይቶ ወደየፋብሪካው የሚመደቡበት «ሂፕስተር» የተባለ የምልመላ መርሐ ግብር ተዘርግቶ ነበር። ከቀበሌ ወደ መፈተኛ፥ ከመፈተኛ ወደ ፋብሪካ በሚወስደው በእንዲህ ያለ ረዥም መንገድ፥ የራሱ ስልክ ሳይኖረው በዘመድ ስልክ የሚጠራ አንድ አመልካች ጥሪው በየትኛው እጅ ላይ እንደ ቀረ ሊያውቅ የሚችለው፥ እያንዳንዱ እጅ ዱካውን ትቶ ሲያልፍ ብቻ ነው።

ሕጉም ወደዚሁ እያመለከተ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው ስለ ሠራተኛው መዝገብ እንዲይዝ ያስገድዳል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ለማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የተሳሳተውን የማሳረም መብት ሰጥቶታል፤ ተቀጥሮ ፋይል የተከፈተለት ብቻ ሳይሆን አመልክቶ የቀረውም ሰው ነውና፥ መብቱ እርሱንም ይጨምራል። ከባሕር ማዶም በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ የግል አሠሪዎች የማመልከቻ ሰነዶችን ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲያቈዩ ያዝዛል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2024 ባወጣው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ፥ አመልካቾችን የሚመርጡ ሥርዓቶችን ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ወገን ቈጥሮ ክንውናቸውን በራሳቸው እንዲመዘግቡ ደንግጓል።

ይሁን እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ሠራተኛው ከሶፍትዌሩ ውጭ በኪሱ ስልክ የደወለው በመዝገቡ አይገኝም፤ ስለዚህ ጥሪው ሁሉ በሥርዓቱ በኩል እንዲሄድ መመሪያ ያስፈልጋል። መዝገቡም የሰውን ስም፥ አድራሻና ገመና የያዘ ስለ ሆነ፥ የሚያዩት ሰዎች የተወሰኑ፥ የሚቈይበትም ዘመን የተቈረጠ መሆን አለበት፤ ለአመልካቹ ጠበቃ እንዲሆን የተጻፈው መሰለያ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባልና። ከሁሉም በላይ፥ ሳይመረመር የተከማቸ መዝገብ ማንም እንዳልተከተለው ዱካ ነው፤ ነፋስ ባያጠፋውም ለማንም አይጠቅምም።

ኦዲት የሚለው ቃል ከላቲን «መስማት» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ በቀድሞ ዘመን ሒሳብ በቃል ሲነበብ ተቀምጦ የሚሰማው ሰው ነበር ኦዲተር የተባለው። በእኛም ቋንቋ ፍርድ የራቀው ሰው ኀዘኑን የሚገልጠው «ሰሚ አጣሁ» ብሎ ነው። እንግዲህ አንድ ሥራ ፈላጊ ተጠርተህ ቀረህ ሲባል፥ «በመዝገበ ዱካው ላይ ስለ እኔ የተጻፈውን አሳዩኝ» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ፥ ተጠያቂውም መዝገቡን ገልጦ ቀኑን፥ ሰዓቱንና የተደወለበትን ቁጥር ቢያነብለት፥ ምናልባት ሥራውን አያገኝ ይሆናል፤ ሰሚ ግን አግኝቷል።