ቁልቋል በር፤ ኅዳር ሚካኤልና የካራቢኔሪ ጦር

ከደብረ ታቦር ተነስቶ በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚያቀና መንገደኛ አዲስ ዘመንን አልፎ ማክሰኝት ሳይደርስ ቁልቋል በር የሚባለውን አቀበት ይወጣል። ለእኛ ሰው ይሄ መንገድ ነው፤ መኪናው አቃስቶ ይወጣዋል፣ አለቀ። በጣልያን አገር ግን የዚህ በር ስም በየዓመቱ በሰልፍና በጸሎት ይነሳል። ካራቢኔሪ የሚባለው ጦር ለባንዲራው የወርቅ ሜዳሊያ ካገኘባቸው ውጊያዎች አንዱ እዚህ የተደረገው ነውና። እነሱ ይህን ያህል ሲያስታውሱት እኛ ስለ ቁልቋል በር ምን ይዘናል? የዚህች ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

በመጀመሪያ ካራቢኔሪ ማለት ምን ዓይነት ጦር ነው? ጦሩ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1814 በቱሪን ከተማ፣ በሰርዲኒያው ንጉሥ በቀዳማዊ ቪቶሪዮ ኢማኑኤል ትእዛዝ ነው። ሁለት ፊት አለው። በአንድ ፊቱ ወታደር ነው፤ ይዘምታል፣ የጦር ሠራዊቱንም ሥነ ሥርዓት ይጠብቃል፣ የከዳውን ወታደር ያድናል፣ ምርኮኛን ያጅባል። በሌላው ፊቱ ፖሊስ ነው፤ ሌባ ይይዛል፣ አመፅ ይበትናል፣ ሰው ይሰልላል። ስለዚህም በውትድርናው ለጦር ሚኒስቴር፣ በጸጥታው ደግሞ ለአገር ግዛት ሚኒስቴር ይታዘዝ ነበር። ራሱን የቻለ የጦር ኃይል የሆነው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አደረጃጀቱ ከላይ ሌጌዎን፣ ከዚያ ወረድ ሲል ሻለቃ የሚያህል ክፍል፣ ከዚያ ሻምበል፣ ከሁሉ በታች ጣቢያ ነው። ዋናው ጉልበቱ ያለው ከታች ነው። ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን ማታ ከቤቱ እንደወጣ የሚያውቀው ጣቢያው ነዋ!

ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1885 ምጽዋን ከያዘ በኋላ ይህ ጦር ከአገሬው ተወላጅ የተመለመሉ ረዳቶች አበጀ። ስማቸው ዛፕትዬ ነበር። ቃሉ የቱርክ ነው፤ የጸጥታ ዘብ ማለት ነው። እኛ ዛሬ «ዘብጥያ ወረደ» ስንል እስር ቤት ገባ ማለታችን አይደል? የሁለቱ ቃላት ሥር አንድ ነው። ጠባቂውን የሚጠራው ቃል በእኛ አፍ የመታሰሪያው ስም ሆኖ ቀረ። «ባንዳ»ም እንዲሁ ነው። በጣልያንኛ ከመደበኛው ጦር ውጭ ያለ የአገሬው ተዋጊ ቡድን ማለት ነበር፤ በአማርኛ ከስድብ ሁሉ የከፋው ስድብ ሆነ። ሕዝብ መዝገብ ቤት ባይኖረው ቋንቋ አለው።

ጣልያን ደብረ ታቦርን የያዘው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። አገሩም መናገሻው ጎንደር በሆነው «የአማራ መንግሥት» ሥር ተመደበ። በአምስቱ ዓመት ካራቢኔሪዎች ምን እንደሠሩ የራሳቸው መዝገብ ይናገራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ የጦሩ አዛዥ ኮሎኔል አዞሊኖ ሃዞን እስከ ግንቦት መጨረሻ ድረስ ካራቢኔሪዎች ብቻቸውን ከ2,500 በላይ ኢትዮጵያውያን መግደላቸውን ሪፖርት አድርጓል። ግራዚያኒም በዚያው መጋቢት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ያሉ ዘፋኞች፣ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች እንዲረሸኑ አዘዘ፤ እስከዚያ ዕለት 70 ሰው መገደሉን ለሮም በቴሌግራም አስታወቀ። አዝማሪ መሣሪያው ማሲንቆ ነው። ከማሲንቆ ምን ይፈራል? መቼም የጎንደር ሰው መልሱን አያጣውም። አዝማሪ የሚያድርበት ቤት ሁሉ ወሬ ያድርበታል፤ ወሬውም ጠዋት መንገድ ይጀምራል።

ወደ በሩ እንመለስ። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎንደር ገና በጄኔራል ናዚ እጅ ነበረች። ደብረ ታቦርን የቤጌምድር አርበኞች ከበው አስጨነቋት፤ የምሽጉ አዛዥ ኮሎኔል አንጀሊኒ በሰኔ 29 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። ከዚያ በኋላ ለጎንደር የደቡብ መዝጊያ የቀረው ቁልቋል በር ሆነ። በዚያ የተመሸገውን ጦር የሚያዝዘው ሌተና ኮሎኔል ኡጎሊኒ ሲሆን፣ ከእርሱ ሥር አንድ የጥቁር ሸሚዝ ሻለቃ፣ አንድ የአስካሪ ሻለቃ፣ መድፈኞች፣ እንዲሁም በሻለቃ ሴራንቲ የሚመራው የካራቢኔሪ ክፍል ነበሩ። ይህ ክፍል ሁለት የጣልያኖች ሻምበልና አንድ የዛፕትዬ ሻምበል ነበረው፤ ጣልያኖቹ 200፣ ዛፕትዬዎቹ 160 ያህል ነበሩ።

ከበባው ከነሐሴ መግቢያ እስከ ኅዳር፣ ሦስት ወር ተኩል ቆየ። ውሃም እህልም አነሰ። የኅዳር መጀመሪያው ጥቃት ተመለሰ። በኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም. ግን እንግሊዞች ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ግዛቶቻቸው ያመጧቸው ወታደሮችና የእኛ አርበኞች በሩን ሰበሩት። ሴራንቲ እዚያው ሞተ። ከስድስት ቀን በኋላ ጎንደር እጇን ሰጠች። ልብ በሉ፤ በሩን ከሚጠብቁትም ከሚሰብሩትም ብዙው አፍሪካዊ ነበር።

በጣልያን የጀግኖች መዝገብ ውስጥ «ኡናቱ እንዲሻው» ተብሎ የተጻፈ አንድ ሙንታዝ አለ። እንግዲህ የእኛ ጆሮ እውነቱ እንዳሻው ብሎ ሳይሰማው አይቀርም። በደብረ ታቦር ምሽግ የአስካሪ ሻለቃ ወታደር ነበር። ምሽጉ ሲወድቅ የሻለቃውን ዓርማ ይዞ አመለጠ፤ በጠላት መካከል ሾልኮ ቁልቋል በር ደረሰ፤ እዚያ በተቀበረ ፈንጂ ቆስሎ ዓርማውን አስረክቦ ሞተ። ጣልያን የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። እኛስ ምን እንበለው? «ባንዳ» ብለን እንዳናልፈው ጽናቱ ያስገርማል፤ «ጀግና» እንዳንለው የተሸከመው ዓርማ የማን እንደሆነ እናውቃለን። ይህ ሰው በምን ችግር፣ በማን አስገዳጅነት ወይም በምን ተስፋ አስካሪ ሆነ? ሜዳሊያው ይህን አይነግረንም። የሚነግረን ቢኖር የትውልድ መንደሩ ነበር፤ መንደሩን ግን ማንም ሄዶ አልጠየቀም።

ኅዳር 12 በአውሮፓ አቆጣጠር ኖቬምበር 21 ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 ሊቀ ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ «ታማኟ ድንግል»ን የካራቢኔሪ ጠባቂ አድርገው ሲሰይሙ በዓሏ በዚሁ ዕለት ዋለ፤ እስከ ዛሬም የቁልቋል በር ሙታን በዚያ ቀን ይዘከራሉ። በእኛ አገር ደግሞ ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ነው፤ ታቦት ይወጣል፣ እልል ይባላል፣ ጠላው ይቀዳል። በሩን ሰብረው ለወደቁት አርበኞች ግን ስንቱ ሻማ ይበራል?

የካራቢኔሪዎቹን ጀግንነት መካድ አያስፈልግም፤ ተርበውም ተዋግተዋል። ነገር ግን ሜዳሊያው የሦስት ወር ተኩሉን ከበባ እንጂ ከዚያ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት አይቆጥርም። ያንን ሊቆጥር የሚገባው የእኛ ብዕር ነው። ያዩት አዛውንቶች አልቀዋል ማለት ይቻላል፤ ከእነርሱ የሰሙ ልጆች ግን በሊቦ፣ በፎገራና በፋርጣ አሁንም አሉ። ለክረምት ወደ አገር የምትገባ ተማሪ ሁሉ፣ አንድ ደብተርና አንድ እርሳስ ይበቃል። ከአያትህ አውድማ ጀምር።