ለወደፊት የመኖሪያ ቤት ግንባታ በተከለለ መሬት ላይ የሚካሄድ የገረጋንቲና የጠጠር ቁፋሮ ዕቅድ

የኢትዮጵያ ከተሞች በሚሰፉበት ዳርቻ ፕላኑ ለመኖሪያ ቤት የከለለው፣ ነገር ግን ግንባታው ለዓመታት የማይጀመርበት መሬት በብዛት ይገኛል። ከዚህ መሬት ሥር ለመንገድና ለቤት ሥራ የሚፈለግ ገረጋንቲ፣ ጠጠር ወይም በተለምዶ ሬድ አሽ የሚባለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ቁስ ሲገኝ ሁለት የልማት ፍላጎቶች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ቤቱ ቀድሞ ከተሠራ ማዕድኑ ለዘለቄታው ይቀበራል። ማዕድኑ ያለ ዕቅድ ከወጣ ደግሞ ለነዋሪው የሚተርፈው ጉድጓድ ነው።

በማዕከላዊው ደጋ ለኮንክሪት የሚውለው ጠጠር በአብዛኛው የሚገኘው ከወንዝ ሳይሆን ባዛልት ድንጋይ ከሚፈለጥባቸው ካባዎችና ከመፍጫ ማሽኖች ነው። ሬድ አሽ በቢሾፍቱና በአዳማ አካባቢ ካሉ ኮረብታዎች፣ አሸዋ ደግሞ በዋነኛነት ከስምጥ ሸለቆ ይጫናል። በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ቦሌ ገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ወደ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱና ኮየ ፈጬ ሲስፋፋ የእነዚህ ቁሳቁሶች ፍላጎት በእጅጉ ጨምሯል። የቁሱ ዋጋ ከፍተኛ ድርሻ የማጓጓዣ ወጪ በመሆኑ በግንባታው ሥፍራ ወይም በአጠገቡ የሚገኝ ክምችት ለአስተዳደሩ ትልቅ ጥቅም አለው።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬትና የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 የኮንስትራክሽን ማዕድናትን ፈቃድ የመስጠት ሥልጣን በዋነኛነት ለክልሎች ሰጥቷል። የመሬቱን አጠቃቀም የሚወስነው ግን በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት የሚዘጋጀው መዋቅራዊ ፕላንና ዝርዝሩን የሚያሳየው የአካባቢ ልማት ፕላን ነው። በአካባቢ ላይ የሚደርሰውን ተፅዕኖ መገምገምን በተመለከተ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ወጥቷል። ችግሩ የሚጀምረው ፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት ካርታውን ሳያይ ፈቃድ ሲሰጥ፣ የፕላን ጽሕፈት ቤቱም ካባ መከፈቱን ገልባጭ መኪኖች መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ሲሰማ ነው። ሁለቱ ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ግቢ ውስጥ የሚገኙ መሆናቸው ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ ያደርገዋል።

በዕቅዱ በቅድሚያ መወሰን ያለበት ቁፋሮው ሲያበቃ መሬቱ የሚኖረው የመጨረሻ ከፍታ ነው። ይህ ከፍታ የሚሰላው ከወደፊቱ መንገድና ከጎርፍ መውረጃ ቦይ ተነስቶ ሲሆን፣ የቁፋሮው ጥልቀትም በእሱ ይገደባል። ለአብነት በ1 ሄክታር ላይ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ክምችት 30 ሺህ ሜትር ኩብ ይሆናል። ቁሱ ሲቆፈር በ15 በመቶ ቢላላ 34 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ስለሚደርስ፣ 16 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና ከ2 ሺህ 150 በላይ ምልልስ ይጠይቃል። በቀን 40 ምልልስ ቢደረግ ለአንዱ ሄክታር 54 ያህል የሥራ ቀናት፣ ለ10 ሄክታር ደግሞ ሁለት ዓመት ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ጉድጓዱን መልሶ ለመሙላት ከታሰበ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ጭነት መመለስ ስላለበት ከማዕድኑ የተገኘው ጥቅም በሙሌት ወጪ ሊበላ ይችላል። ስለሆነም የዝናብ ውኃና የቤት ፍሳሽ በራሱ ተዳፋት መውጣት የሚችል እስከሆነ ድረስ፣ ሰፈሩን ዝቅ ባለው ወለል ላይ ማቀድ ከሙሌት ይመረጣል። በእንግሊዝ ኬንት ግዛት የሚገኘው የኤብስፍሊት አዲስ ከተማ ከፊል ሰፈሮች የተሠሩት በዚሁ መንገድ በቀድሞ የኖራ ድንጋይ ካባ ውስጥ ነው።

ሙሌት የማይቀር በሚሆንበት ጊዜ የሙሌቱ ዓይነት የቤቶቹን ዕድሜ ይወስናል። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊና ደቡባዊ ዳርቻዎች በሰፊው የሚገኘው ጥቁር መረሬ አፈር ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ በመሆኑ ግንበኞች ከመሠረት ሥር እያወጡ በገረጋንቲ ይተኩታል። የወጣው መረሬ መጣያ ይፈልጋል፤ ክፍት የሆነ ካባም ለአሽከርካሪው ቅርብና ምቹ ነው። በዚህ ሁኔታ ከአንዱ ሰፈር መሠረት እንዲወገድ የተደረገው አፈር በሌላው ሰፈር መሠረት ሥር ይገባል። ከዓመታት በኋላ ግድግዳ ሲሰነጠቅና የውኃ ቧንቧ ሲቆረጥ ምክንያቱን ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ይሆናል። ተቀባይነት ያለው ሙሌት ተመርጦ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ንብርብር የሚነጠፍ፣ በሮለር የሚጠቀጠቅና በላቦራቶሪ ከተገኘው ከፍተኛ ደረቅ ጥግግት ቢያንስ 95 በመቶ መድረሱ በየንብርብሩ የሚረጋገጥ ነው። የላይኛው ለም አፈር ከቁፋሮው በፊት ተገፍፎ ለብቻው ይከመራል፤ ለአትክልት ቦታ ያገለግላል እንጂ ለሙሌት አይውልም።

የቁፋሮው ወለል ከክረምቱ ከፍተኛ የከርሰ ምድር ውኃ በላይ መቆየት ይኖርበታል። ስለሆነም የውኃው ከፍታ በበጋ ብቻ ተለክቶ የሚጸድቅ ጥልቀት አስተማማኝ አይደለም። ውኃ ያቆረ ክፍት ካባ በክረምት የሕፃናትና የከብቶችን ሕይወት የሚቀጥፍ አደጋ በመሆኑ፣ አጥርና የዳገቱን ቁልቁለት ማስተካከል ለሥራው መጨረሻ የሚተው ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን የሚጀመር ግዴታ መሆን አለበት። ለዚህም ሥራው በክፍል ተከፋፍሎ፣ አንዱ ክፍል ሳይስተካከል ሁለተኛው እንዳይከፈት በፈቃዱ ውል ላይ መስፈሩ ይበጃል። ባለፈቃዱ መሬቱን ለማስተካከል የሚያስይዘው ገንዘብ ካነሰ፣ ማዕድኑ ባለቀ ማግሥት ማሽኑን ጭኖ መሄድ የሚያተርፈው ይሆናል።

በመሬቱ ላይ የሚኖረው አርሶ አደር ጉዳይም ከዚህ ተለይቶ አይታይም። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 በቋሚነት ለሚነሳ የገጠር ባለይዞታ የዓመታዊ ገቢው አማካይ አሥር እጥፍ የነበረውን የመፈናቀያ ካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ወደ አሥራ አምስት እጥፍ ከፍ አድርጎታል፤ ስሌቱም ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ መነሻ አድርጓል። ካሣው የሚሰላው ከይዞታው ገቢና በላዩ ካለው ንብረት እንጂ ከሥሩ ካለው ማዕድን አይደለም። አርሶ አደሩ ቤት ይሠራበታል ተብሎ በለቀቀው ማሳ ላይ ለዓመታት ገረጋንቲ ሲጫን ሲያይ የሚያነሳው ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። የቁፋሮው ዕቅድ ከመነሳቱ በፊት ሊነገረው፣ በካባው ሥራም ለተነሺ ቤተሰቦች ልጆች ቅድሚያ ሊሰጥ ይገባል።

ቁፋሮው ሲጠናቀቅ የመጨረሻው የቅየሳ ካርታ፣ የተሞሉ ቦታዎች ወሰንና የጥቅጠቃ ምርመራ ውጤቶች ከመሬቱ ማኅደር ጋር ተያይዘው ለግንባታ ፈቃድ ክፍሉ ይተላለፋሉ። የግንባታ ፈቃድ የሚፈርመው ባለሙያ ከአሥር ዓመት በኋላ የሚመደብ ሊሆን ስለሚችል፣ ከየትኛው ብሎክ ሥር ሙሌት እንዳለ የሚያውቀው ከዚሁ ማኅደር ብቻ ነው።