የዓባይ ውሃና የጎረቤት ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። በዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን አንድን ወንዝ የሚጋሩ አገሮች በውሃው ምክንያት እንዴት እንደተጣሉና እንዴት እንደተደራደሩ እንመለከታለን። ወንዙም ሩቅ አይደለም፤ የራሳችን ዓባይ ነው።

አስቀድመን ግን ወደ መዲና ጎራ እንበል። ሐርራ በተባለው ድንጋያማ ስፍራ ተምር የሚጠጣባቸው የውሃ ቦዮች ነበሩ። የታላቁ ሶሓባ የዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ማሳ ከላይ፣ የአንድ የአንሷር ሰው ማሳ ደግሞ ከታች ነበር። የታችኛው ሰው ውሃው ሳይገደብ እንዲለቀቅለት ጠየቀ፤ ዙበይር እምቢ አሉ። ጉዳዩ ወደ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ቀረበ። እርሳቸውም በመጀመሪያ ዙበይር በመጠኑ አጠጥተው ውሃውን ለጎረቤታቸው እንዲለቁ ነገሩ። ይህ ለሁለቱም የሚመች ሱልህ ነበር። ሰውየው ግን ፍርዱን ከዝምድና ጋር አያይዞ ቅሬታ አሰማ። በዚህ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዙበይር ሙሉ ሐቃቸውን እንዲወስዱ፣ ከዚያም ውሃውን እንዲለቁ ፈረዱ። በቡኻሪ እንደተዘገበው ሰዎች ይህን ልክ ሲገምቱት እስከ ቁርጭምጭሚት ሆኖ አገኙት።

እንግዲህ ከላይ ያለው ሰው ሐቅ አለው፤ ሐቁ ግን ልክ አለው። ከታች ያለውም ሐቅ አለው፤ ነገር ግን የላይኛውን ባዶ እጁን ሊያስቀር አይችልም። የዓባይ ታሪክ የዚህ ልክ መጥፋት ታሪክ ነው ብንል አንሳሳትም።

እ.ኤ.አ በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት የድንበር ውል፣ ያለ እንግሊዝና ያለ ሱዳን መንግሥት ስምምነት የጥቁር ዓባይን፣ የጣናንና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ ላለመሥራት ተስማሙ። የኢትዮጵያ ወገን ውሃን ፈጽሞ ማገድና በውሃ መጠቀም የተለያዩ ነገሮች ናቸው ሲል ቆይቷል። እ.ኤ.አ በ1929 ደግሞ እንግሊዝ ከግብፅ ጋር ባደረገችው ስምምነት ለግብፅ 48፣ ለሱዳን 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ተመደበ። ሱዳን ያኔ በቅኝ ግዛት ሥር ስለነበረች የራሷ ድምፅ አልነበራትም።

አንዳንድ ሰዎች የዓባይን ጉዳይ የእስልምናና የክርስትና ጠብ አድርገው ያወሩታል። ታሪኩ ግን ይህን አይደግፍም። ሱዳን እ.ኤ.አ በ1956 ነፃ ስትወጣ የ1929ኙ ክፍፍል እንዲሻሻል ጠየቀች። እ.ኤ.አ በ1958 የሁለቱ ጎረቤታሞች ግንኙነት በውሃውና በሐላይብ ድንበር የተነሳ ክፉኛ ሻከረ። ሁለቱም ወደ አንድ ቂብላ የሚሰግዱ፣ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ነበሩ። ውሃ ሲያንስ ወንድማማቾችም ይጣላሉ ማለት ነው።

ከጄኔራል ኢብራሂም አቡድ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ድርድሩ ተቃና፤ ኖቬምበር 8 ቀን 1959 ስምምነት ተፈረመ። በአስዋን የሚደርሰው አማካይ ዓመታዊ ውሃ 84 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ተብሎ ተሰላ። ለግብፅ 55.5፣ ለሱዳን 18.5፣ በትነት ለሚጠፋው 10 ተያዘ። እስቲ እንደምረው፤ ልክ 84 ይመጣል። ከውሃው 85 በመቶ ያህሉን ለምታመነጨው ኢትዮጵያ አንድ ጠብታ እንኳ አልተረፈላትም፤ ለስብሰባውም አልተጠራችም። የሚገርመው ግን ያው ስምምነት፣ ሌሎች አገሮች ድርሻ ቢጠይቁ ሁለቱ በጋራ እንዲያዩትና የሚፈቀደው መጠን ከሁለቱ ላይ እኩል እንዲቀነስ ይላል። ሌላ ባለሐቅ መኖሩን ሁለቱም ያውቁ ነበር ማለት ነው።

በስምምነቱ መሠረት የተሠራው የአስዋን ታላቁ ግድብ ዋዲ ሐልፋን ከነመንደሮቿ አሰጠመ። 50,000 የሚሆኑ የሱዳን ኑብያውያን ሙስሊሞች የአያቶቻቸውን መቃብርና የተምር ዛፎቻቸውን ጥለው ወደ ሩቅ አገር ሰፈሩ። በሁለት መንግሥታት ድርድር መካከል የሚረሳው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ቤተሰብ ነው።

እ.ኤ.አ በ1999 የናይል ተፋሰስ ኢኒሼቲቭ ሲቋቋም አገሮቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። በ2010 የትብብር ማዕቀፉ ስምምነት በኢንቴቤ ለፊርማ ቀረበ፤ ግብፅና ሱዳን አልፈረሙም። ስምምነቱ በ2024 በሥራ ላይ ዋለ። በ2011 የተጀመረው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ብዙ ሙስሊሞች በሚኖሩበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ተገነባ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቦንድ ገዛለት። በ2015 ሦስቱ አገሮች በካርቱም የመርሆዎች መግለጫ ፈረሙ። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተንም በአፍሪካ ኅብረትም ብዙ ተደራደሩ። ሆኖም ግድቡ በሴፕቴምበር 2025 ሲመረቅ በድርቅ ዘመን ምን ያህል ውሃ እንደሚለቀቅ ሦስቱንም የሚያስር ስምምነት አልነበረም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዝናብ በሌለበት አገር ከመቶ ሚሊዮን በላይ የግብፅ ሕዝብ በዚህ ወንዝ ይኖራል፤ የእርሱ ስጋት የውሸት አይደለም። በኩራዝ ጭስ የሚያጠና የኢትዮጵያ ልጅ ችግርም የውሸት አይደለም። አገርን መውደድ በሌላው ጥማት መደሰት አይደለም፤ ለሙስሊም ወንድም ማዘንም የራስን ሐቅ መተው አይደለም። የጎደለው ያ የመዲናው ልክ ነው። የላይኛው ያልምቶ፣ የታችኛው ሳይጠማ፣ ሁለቱም አስቀድመው የሚያውቁት፣ በክፉ ዘመንም የማይለወጥ ልክ ማለታችን ነው። ያ ልክ ደግሞ በዛቻ አይገኝም፤ ተቀምጦ በመነጋገር እንጂ።

አላህ (ሱ.ወ) የአገሮቹን መሪዎች ወደ ፍትሕ ይምራቸው፤ ከሰማይ ያወረደውንም ውሃ የበረከት እንጂ የደም ምክንያት አያድርግብን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።