ነጠላና ጥለቱ፦ ከአገር ቤት እስከ ሞያሌ



በዚህ መጽሔት ስለ ማኅበራችን አመሠራረት፣ ስለ እድሩና ስለ ልጆቻችን ትምህርት ሌሎች በስፋት ስለሚጽፉ፣ እኔ በየቤታችን ስላለ ነገር ግን ብዙም ስለማንነጋገርበት ጉዳይ ለመጻፍ ወድጃለሁ። እርሱም ነጠላችንና በዳሩ ላይ ያለው ጥለት ነው። የትኛው ጥለት ለየትኛው ቀን ይለበሳል? ጥለቱስ የሚውለው ወደ ታች ነው ወይስ ወደ ላይ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሆኖም በኬንያ ሞያሌ ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን መልሱን ከእኛ ካልሰሙ ከሌላ ከማን ሊሰሙት ይችላሉ?

ጥለት እንዴት ይሠራል?

እንደሚታወቀው የሸማ ሥራ የሁለት እጆች ሥራ ነው። ሴቶች ጥጡን ፈልቅቀው፣ ባዘቶውን አውጥተው በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን አስገብቶ ይሸምናል። ዛሬ ዛሬ ድሩ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ጥሩ የሚባለው ነጠላ ማጉ አሁንም በእጅ የተፈተለ ነው። ነጭው ክፍል በመወርወሪያ ቶሎ ቶሎ ይሄዳል። ወደ ጥለቱ ሲደረስ ግን ሥራው ይዘገያል፤ ሸማኔው ቀለም ያለውን ክር በድሩ መካከል እየቆጠረ በእጁ ያስገባዋል። ስለዚህ ጥለቱ በሰፋና ባማረ ቁጥር የነጠላው ዋጋ ይጨምራል። እናቶቻችን ነጠላ ሲገዙ መጀመሪያ ዳሩን ገልበጥ አድርገው የሚያዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

በሙያው እጅግ የታወቁት የጋሞ ሸማኔዎች፣ በተለይም የዶርዜ ሰዎች ናቸው። የጋሞ ደጋ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጉለሌና በሽሮ ሜዳ አካባቢ ሰፈሩ። እስከ ዛሬም ሽሮ ሜዳ ሲባል የአገር ልብስ ገበያ ትዝ ይለናል። የሚያሳዝነው፣ ልብሱን የሚወድ ሁሉ ሠሪውን የሚያከብር አልነበረም። ሸማኔ የሚለው ስም ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው!

ጥለትና ማዕረግ

በጥንት ጊዜ ቀለም ያለው ክር እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ሸማኔዎች ከውጭ የገባ ቀይ ጨርቅ እየተረተሩ ክሩን ለጥለት ይጠቀሙበት ነበር። ስለሆነም ሰፊ ቀይ ጥለት የሀብትና የሹመት ምልክት ሆነ። መኳንንቱ የሚለብሱት ጃኖ የሚታወቀው በነጩ ላይ በተዘረጋው ሰፊ ቀይ መስመር ነበር፤ ተራው ሰው ደግሞ ጠበብ ያለ ጥለት ያለው ወይም ጭራሹን ጥለት የሌለው ሸማ ይለብሳል።

ማዕረግ የሚነገረው በጥለቱ ብቻ አልነበረም። ሰው በጌታው ፊት ሲቀርብ ሸማውን ከትከሻው አውርዶ በወገቡ ያስር ነበር፤ «አደግድጎ ቆመ» የምንለው ከዚህ የመጣ ነው። አንድ ጨርቅ እንደ አያያዙ ሌላ ሌላ ንግግር ይናገራል ማለት ነው።

ነጭ ልብስ በድንበሩ

ብዙዎቻችን ነጭ የጥጥ ልብስን ወደ ሞያሌ ይዘነው የመጣን ይመስለናል። እውነቱ ግን እንዲያ አይደለም። ከእኛ በፊት የኮንሶ ሸማኔዎች ወፍራም የጥጥ ልብስ እየሠሩ ከቦረና ጋር ይገበያዩ ነበር። የቦረና አባቶችም በገዳ ሥርዓታቸው ነጭ ለብሰውና ነጭ ጠምጥመው ነው የሚታዩት። እንግዲህ ነጩ ልብስ የጎረቤቶቻችንም ክብር ነው።

የእኛዎቹ ባለ ጥለት ሸማ ወደዚህ የመጣው በኋላ ነው። በምኒልክ ዘመን ከሰሜንና ከሸዋ የተላኩ ወታደሮችና ሹማምንት ቤተሰባቸውን ይዘው በደቡብ ሰፈሩ። በ1900 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1907) ኢትዮጵያና እንግሊዝ የድንበር ውል ተፈራረሙ፤ ሞያሌም አንድ ስም ያላት የሁለት መንግሥታት ከተማ ሆና ቀረች። ከዚያ ወዲህ ነጠላው በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ በኩል ከነጋዴው ጋር እየተጓዘ እስከዚህ ይደርሳል። ከአዲስ አበባ እስከ ሞያሌ ወደ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የድሮው መንገድ ደግሞ አቧራው ብቻ ነጩን ቡናማ ለማድረግ ይበቃ ነበር።

ለየቀኑ የሚሆነው

ለልጆቻችን እንዲጠቅም ሥርዓቱን በአጭሩ ላስፍር።

ለሠርግና ለክርስትና ሰፋ ያለ፣ ደማቅ፣ የወርቅ መልክ ያለው ክር የገባበት ጥለት ይመረጣል። የነጠላው ጥለት ከቀሚሱ ጥለት ጋር አንድ ዓይነት ቢሆን ያምራል።

ለጥምቀት ማንም የሚሳሳው የለም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ተብሎ የለ! ያለው አዲሱን፣ የሌለው በደንብ የታጠበውን ይለብሳል። ለአድዋ በዓልና ለመሳሰሉት አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጥለት ይዘወተራል።

ለቤተ ክርስቲያን፣ በተለይም በጾም ወራት፣ ጠበብ ያለና ረጋ ያለ ቀለም ያለው ይመረጣል። አለባበሱም መስቀለኛ ነው፤ የነጠላው ጫፎች በደረት ላይ እየተላለፉ ወደ ትከሻ ሲጣፉ የመስቀል ምልክት ይሠራሉ።

ለሽምግልና የሚሄዱ አባቶች ነጭ ኩታ ወይም ጋቢ ይለብሳሉ። እዚያ ጥለት ማብዛት አያስፈልግም፤ የሚከበረው ሽበቱ ነው።

ለሐዘን ጥለቱ ጥቁር ወይም ጠባብ ይሆናል። የቅርብ ሐዘንተኛ ከሆኑ ከል ይለበሳል። ከሁሉ በላይ ግን ነጠላው ይዘቀዘቃል፤ ማለትም ሁልጊዜ ወደ ታች የሚውለው ጥለት ወደ ላይ ወጥቶ በአንገትና በትከሻ ዙሪያ ይሆናል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ የእኛ ብቻ አይደለም። ስኮትላንዳውያን ወንዶች ኪልት የሚባል ሽንሽን ጉርድ ይለብሳሉ፤ ሽርጥ ለምናውቅ ለሞያሌ ሰዎች ይህ ብዙም አያስደንቀንም። እነርሱ ግን ጭንቀታቸው እስከ ጉልበት በሚደርሰው የሱፍ ካልሲ ላይ ነው። ለቀን ውሎ አንድ ቀለም ያለው ይበቃል፤ ለማታ ግብዣ ነጣ ያለው ወይም ባለ ጥለቱ ይወጣል። በወታደሩ ዘንድማ በካልሲው ላይ ያለው የዳማ ቅርጽ ክፍለ ጦሩን ይናገር ነበር፤ ብላክ ዋች የሚባለው ክፍለ ጦር ቀይና ጥቁር፣ አርጋይል የሚባለው ደግሞ ቀይና ነጭ ያደርግ ነበር። ዕውቀት ያለው ሰው ካልሲውን አይቶ ባለቤቱን ያውቃል። እኛም ነጠላውን አይተን የመጣንበትን ጉዳይ እናውቃለን።

አንድ ነጠላ ለሁሉ

ይሁንና ለየበዓሉ የሚሆን ነጠላ መምረጥ የቻለው ያለው ሰው ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ወታደሮችና ቤተሰቦች በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ከእነርሱም ብዙዎቹ በዋልዳ የስደተኞች ሰፈር ቆይተው ኋላ ወደ ካኩማ ተወሰዱ። እኛ ከተማው ውስጥ ከቀሩት ጥቂቶች ነን። እናቴ ያሻገረችው ጠባብ ሰማያዊ ጥለት ያለው አንድ ነጠላ ብቻ ነበር። በእርሱ ታናሽ እህቴን ታዝልበታለች፤ እሑድ አጥባው መስቀለኛ አጣፍታ ትጸልይበታለች፤ በዓል ሲመጣ ጥለቱን ወደ ታች ዘርግታ ትለብሰዋለች።

አንድ ቀን ከወዲያ ማዶ የመጣ ሰው ከእናቴ ጋር ጥቂት አውርቶ ሄደ። እናቴ አልጮኸችም። ነጠላዋን አውርዳ፣ ገልብጣ፣ ጥለቱን አንገቷ ላይ አድርጋ ደጃፍ ተቀመጠች። እኔ ልጅ ስለነበርኩ ምንም አልገባኝም። ከመንገዱ ባሻገር የነበሩ ያገራችን ሴቶች ግን አይተው ኖሮ ማንም ሳይነግራቸው ጀበናቸውን ይዘው መጡ። አያቴ ማረፋቸውን ያወቅሁት ከእነርሱ ልቅሶ ነው። በኋላም ሙስሊም የሆነች ቦረና ጎረቤታችን ወተት ይዛ ገባች። ለካስ እርሷም ከእኛ ጋር ስትኖር የነጠላውን ነገር ተምራ ኖሯል። እናቴ ያን ቀን ጥቁር ጥለት ያለው ነጠላ አልነበራትም፤ ሆኖም ሐዘኗን ያልተረዳ ሰው አልነበረም።

ዛሬስ?

ዛሬ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ችግሩ እንደዚያ አይደለም። መንገዱ ከአዲስ አበባ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ሆኗል፤ በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የጋራውን የድንበር ኬላ እዚሁ ሞያሌ መርቀው ከፍተዋል። የሽሮ ሜዳ ልብስ በቶሎ ይደርሰናል። ከዚያም ሌላ በማሽን የታተመ፣ ጥለት መሳይ ስዕል ያለበት ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ልጆቻችን ሦስትና አራት ነጠላ አላቸው፤ የትኛው ከየትኛው ቀሚስ ጋር እንደሚሄድ ከእኛ የበለጠ ያውቃሉ። አዘቃዘቁን ግን እየረሱት ነው።

በቅርቡ በአንድ ቀብር ላይ አንዲት ወጣት ሰፊ የወርቅ ጥለቱን ወደ ታች ለቃ መጣች። ሟቹን ትወድ ስለነበር ከልቧ ታለቅስ ነበር። ሰዎች መንሾካሾክ ሲጀምሩ አንዲት እናት ቀስ ብለው ተጠጓትና «ነይ የኔ ልጅ» ብለው ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስተው ገለበጡላት። ወርቁ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነጩ ብቻ ቀረ። ልጅቷም «እማማ፣ አላወቅሁም እኮ» አለች። እውነቷን ነው፤ ማን ነግሯት?

ጥፋቱ የእኛ የወላጆች ነው። ልብሱን ገዝተን ሰጠናቸው፤ ንግግሩን ግን አላስተማርናቸውም። ስለዚህ በዚህ የኢዮቤልዩ ዓመት እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ከሰዓት በኋላ መድቦ፣ ቡና አፍልቶ፣ ሴት ወንድ ሳይል ልጆቹን ነጠላ ማጣፋትና ማዘቅዘቅ እንዲያስተምር በትሕትና እጠይቃለሁ። ትልልቆቹ እናቶቻችን በሕይወት እያሉ ይህ ቢደረግ መልካም ነው። ወጪ የለውም፤ በቤት ያለ አንድ ነጠላ ይበቃል።

የከርሞ ሰው ይበለን። መልካም የኢዮቤልዩ በዓል!