የማሊንዲ ባሕር፣ የአፍሪካ ሰማይ፦ ከምድር ወገብ ማን ተጠቀመ?

ከኬንያዋ ማሊንዲ ከተማ በስተሰሜን፣ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ፣ ጣሊያኖች በ1960ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የብረት መድረኮች ተከሉ። ለነዳጅ ፍለጋ ተሠርቶ የነበረው ሳንታ ሪታ የመቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሳን ማርኮ ደግሞ የሮኬት ማስወንጨፊያ ሆነ። ሐሳቡን ያፈለቁት ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሉዊጂ ብሮሊዮ ናቸው። ስካውት የተባለው ሮኬት የአሜሪካ ነበር፤ መድረኩንና የአስወንጫፊዎቹን ቡድን ጣሊያን አዘጋጀች፤ ኬንያ ያቀረበችው በዋናነት ቦታውን ነው። ከ1967 እስከ 1988 ዘጠኝ የስካውት ሮኬቶች ከዚያ ተነሡ፤ ዘጠኙም ተሳኩ። አፍሪካ ዛሬ የራሷን የጠፈር ፖሊሲ ስትቀርጽ ይህን ታሪክ አስቀድማ ልትመረምረው ይገባል እላለሁ፤ ምቹ መልክዓ ምድር ብቻውን ለባለቤቱ ምን ያህል ጥቂት እንደሚያተርፍ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አላውቅምና።

ቦታው በአጋጣሚ አልተመረጠም። መድረኩ ከምድር ወገብ 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ይርቃል። መሬት በወገቧ ላይ በሰዓት 1,670 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ስለምትሽከረከር፣ ከዚያ የሚነሣ ሮኬት ይህን ፍጥነት በነጻ ያገኛል። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው፦ ምድር ወገብን ተከትሎ ለመዞር ከሩቅ ሰሜን የሚነሣ ሮኬት አቅጣጫውን ለማቅናት ብዙ ነዳጅ ያቃጥላል፤ ከማሊንዲ ግን አነስተኛው ስካውት እንኳ በቀላሉ ይደርስ ነበር። ዲሴምበር 12 ቀን 1970 የተወነጨፈው ሳተላይት የዚህ ማስረጃ ነው። ዕለቱ የኬንያ ነጻነት 7ኛ ዓመት በመሆኑ ኡሁሩ፣ ማለትም ነጻነት፣ ተባለ። ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሳተላይት ነበር፤ ምህዋሩ በደቡብ አትላንቲክ በኩል ያለውን ኃይለኛ ጨረር በአብዛኛው ስለሚሸሽ መሣሪያዎቹ ያለ ብዙ ረብሻ ሰማዩን አሰሱ። ከ300 በላይ የኤክስሬይ ምንጮችን መዘገበ፤ ከምንጮቹ አንዱ የሆነው ሲግነስ ኤክስ-1 ብላክ ሆል ነው ለሚለው ግምትም ጠንካራ መረጃ ሰጠ። የምርምሩ መሪ ሪካርዶ ጃኮኒ በ2002 ከፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚዎች አንዱ ሆኑ።

ኬንያ የመጀመሪያዋን ትንሽ ሳተላይት ያገኘችው ግን ኡሁሩ ከተወነጨፈ ከ47 ዓመታት በኋላ፣ በ2018 ነው፤ እሷም የተለቀቀችው ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ነበር። በ2023 ሌላዋ የኬንያ ሳተላይት ታይፋ-1 የተነሣችው ከካሊፎርኒያ ነው። ለዚህ ክፍተት ሁለት ማስተባበያዎች ሊቀርቡ ይችላሉ። የመጀመሪያው አዲስ ነጻ የወጣች አገር ከሮኬት ይልቅ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ማስቀደም ነበረባት የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን የሮኬቱን ወጪ ሌሎች ሸፍነውታል፤ ኬንያ ለቦታዋ በምላሹ መጠየቅ የሚገባት የወጣቶቿን ሥልጠናና የመረጃውን ድርሻ ነበር፤ ይህ ደግሞ በጀቷን አይሻማም። ሁለተኛው ቴክኒካዊ ነው፦ እርሻንና ደንን የሚቃኙ ሳተላይቶች ከዋልታ ወደ ዋልታ ስለሚዞሩ የምድር ወገብ ቅርበት አይጠቅማቸውም፤ ስለዚህ ታይፋ-1 ከካሊፎርኒያ መነሣቷ ጉድለት አይደለም ይባላል። ይህንም እቀበላለሁ። ሆኖም ክርክሬን ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም፤ የቦታ ጥቅም እንደ ምህዋሩ ሲመጣና ሲሄድ የሠለጠነ ሰው ግን ለየትኛውም ምህዋር ይሠራልና።

ኢትዮጵያም በ2019 የመጀመሪያ ሳተላይቷን ያመጠቀችው ከቻይና ነው፤ አብዛኛውን ወጪም ቻይና ሸፍናለች። ልዩነቱ ሳተላይቷን ያዝዝና መረጃዋን ይቀበል የነበረው ጣቢያ እንጦጦ ላይ መሆኑ ነው፤ ለእኔ ከማስወንጨፊያው ይልቅ የሚበልጠው ይህ ነው። ጣሊያንና ኬንያም በ2016 ባደሱት ስምምነት ሥልጠናንና የሳተላይት መረጃ ማግኘትን አካተዋል፤ ዘግይቷል፣ ግን ትክክለኛው መንገድ ነው። የአፍሪካ የጠፈር ኤጀንሲ በ2025 በካይሮ ሥራውን ጀምሯል። ተደራዳሪዎቹ መሬትና ባሕር ለውጭ ማስወንጨፊያ ከመፍቀዳቸው በፊት ስንት አፍሪካዊ መሐንዲስ በቁጥጥር ክፍሉ እንደሚቀመጥና መረጃው ለየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚደርስ በውሉ ያስጽፉ፤ ይህ ካልተጻፈ አይፈርሙ።