ክረምት፣ ምድጃና ዋና ከተማ

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት ብዙ ይነግሩናል። ጦሩ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ዘመተ፣ ማን ድል እንዳደረገና ማን እንደ ተማረከ በየገጹ እናነባለን። ነገር ግን ያ ጦር ዘመቻውን ጨርሶ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ሰማዩ ሲጠቁርና ዝናሙ ሲወርድ፣ ሰው በየቤቱ ብርዱን በምን ይከላከል እንደ ነበረ የሚጽፍልን ጥቂት ነው። ይህም ነገሩ ትንሽ ስለሚመስል ይሆናል። እኔ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ትንሽ ስለሚመስል ነገር ጥቂት ለመጻፍ አስቤአለሁ። ምክንያቱም ነገሩን ደኅና አድርገን ስንመረምረው፣ ዋና ከተማችን አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት ስፍራ እንድትቆረቆርና በዚያም ጸንታ እንድትቀር ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ብርድን ሸሽቶ ሙቀትን መፈለግ ሆኖ እናገኘዋለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ቋንቋችንን እንመልከት። «ከረመ» የሚለው ግስ «ክረምት» ከሚለው ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው። ብዙ ጊዜ ሳናየው የቆየነውን ሰው «እንደምን ከረምህ?» ብለን ስንጠይቀው፣ ያን ወንዝ የሚሞላበትን፣ መንገድ የሚቋረጥበትንና ዘመድ ከዘመድ የማይገናኝበትን ወራት እንዴት አለፍኸው ማለታችን ነው። ለአባቶቻችን ክረምትን በደኅና ማለፍ ዓመቱን በደኅና ማለፍ ነበረ።

ነገሥታቱም ቢሆኑ ከዚህ ሕግ አላመለጡም። በመካከለኛው ዘመን ቤተ መንግሥቱ ድንኳን ስለ ነበረ በበጋ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወር ነበር። በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለ ዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር ጽፎ ያስቀረልን ይህንኑ የድንኳን ከተማ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጭቃው በቅሎውን ይይዛል፣ ዝናሙም ድንኳኑን ያበሰብሳል፤ ስለዚህ ንጉሡና ሠራዊቱ የሚከርሙበትን ስፍራ ይመርጡ ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን በቆረቆሩ ጊዜ ይህ የመክረሚያ ልማድ ወደ ቋሚ ከተማነት ተለወጠ፤ ድንኳኑም በድንጋይና በኖራ በተሠራ ግንብ ተተካ። ከዚያ በፊት ሰፈሩን ከቦታ ቦታ ከሚያስነሡት ምክንያቶች አንዱ የማገዶ እጦት ነበረ። በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ በአንድ ስፍራ ሲሰፍር በዙሪያው ያለውን ዛፍ ቆርጦ ይጨርሰዋልና ነው። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዘው እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

አሁን ደግሞ ወደ ባላገሩ ቤት እንግባ። የደጋው ጎጆ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ አሠራሩ ግን ብዙ ዕውቀት ያለበት ነው። ክብ ስለ ሆነ ነፋስ የሚመታው ማዕዘን የለውም። ግድግዳው ጭድ ገብቶበት በቦካ ጭቃ የተመረገ በመሆኑ ቀን የተቀበለውን ሙቀት ቶሎ አይለቅም። የሣር ክዳኑ በያንዳንዱ ሰበዝ መካከል አየር ስለሚይዝ ሙቀቱ ወደ ላይ እንዳያመልጥ ያግዳል። በመካከል ሦስት ጉልቻ ተጎልቶ እሳት ይነዳል፤ ጢሱም ጣሪያውን በጥቀርሻ እየሸፈነ ሣሩን ከነቀዝ ይጠብቀዋል። በብዙ ቤት በአንድ ወገን ጋጥ ይሠራና ከብቱ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ የከብቱም ትንፋሽ ቤቱን ያሞቀዋል። በላስታ ደግሞ ባለ ሁለት ደርብ የድንጋይ ቤት እየሠሩ ከብቱን ከታች፣ ሰውን ከላይ ያሳድሩ ነበር።

እሳቱን የምትጠብቀው የቤቱ እመቤት ነበረች። ክብሪት ባልነበረበት ዘመን እሳት ከጠፋ ወደ ጎረቤት ሄዶ መጫር ግድ ነበረ፤ በክረምት ሌሊት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ማታ ፍሙን ሰብስባ በአመድ ታዳፍነዋለች። አመዱ አየር እንዳይበዛበት ስለሚከለክለው ፍሙ ቀስ እያለ ሲግል ያድራል፤ ጠዋት አመዱ ተገልጦ ጭራሮ ሲጨመርበት እንደ ገና ይያያዛል። በዚያ እሳት ዳር ቆሎ ይቆላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ቡና ይፈላል። ልጆችም እንቆቅልሽ የሚጠያየቁትና ተረት የሚሰሙት በዚያ ነው። እንግዲህ ምድጃው ለብዙ ዘመን ትምህርት ቤትም ነበረ ብንል ከእውነት አንርቅም።

ስለ ልብስም ጥቂት እንናገር። ጋቢ አራት እጥፍ በመሆኑ በእጥፎቹ መካከል የሚቀረው አየር ሰውነትን ያሞቃል። ብርዱ በሚጠናበት በመንዝ ግን ጥጥ ብቻ አይበቃምና ሕዝቡ ከበጉ ጠጉር በርኖስና ባና እየሠራ ለብሷል፤ መደቡ ላይም አጎዛ አንጥፎ ተኝቷል። ይህም የሱፍ ሀብት በ1950ዎቹ ዓመታት በደብረ ብርሃን ለተቋቋመው የብርድ ልብስ ፋብሪካ መንገድ ጠርጓል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ሌሊቱ ይበልጥ የሚቀዘቅዘው በክረምት ነው ወይስ በጥቅምትና በኅዳር? መልሱ በጥቅምትና በኅዳር ነው። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል፤ ሰማዩ ሲጠራ ግን ሙቀቱ በሌሊት ወደ ላይ ያመልጥና ውርጭ ይወርዳል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ብሂልም የመጣው ከዚህ ነው። የክረምት ብርድ ሰውን የሚያስጨንቀው ስለሚረጥብ ነው። ልብሱ አይደርቅም፣ እንጨቱም እርጥብ ስለሚሆን ከመንደድ ይልቅ ይጢሳል። ስለዚህ ብልህ ቤተ ሰብ በግንቦት ማገዶውንና ኩበቱን ሰብስቦ ከጣሪያ ሥር ያስገባ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ንጉሥ ምኒልክ በ1870ዎቹ መጀመሪያ በእንጦጦ ተራራ ላይ ከተሙ። ስፍራው ለጦር ሰፈርነት እጅግ የተመቸ ነበረ፤ ከላይ ሆነው ጠላት ከየት እንደሚመጣ ያዩበታል። ነገር ግን እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ስለሚበልጥ ነፋሱ፣ ጉሙና ብርዱ ለኑሮ አስቸጋሪ ሆነ። ከተራራው በታች በ2,350 ሜትር ያህል ላይ ደግሞ ከመሬት ሙቅ ውሃ የሚፈልቅበት ሜዳ ነበረ። ኦሮሞዎች ፊንፊኔ የሚሉት ይህ ስፍራ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከሚፈልቀው ውሃ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አየሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ የወረደ ሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ 4 ዲግሪ ያህል ሙቀት ያገኛል ማለት ነው።

በ1879 ዓ.ም. ንጉሡ ወደ ሐረር በዘመቱበት ጊዜ በኋላ እቴጌ የተባሉት ጣይቱ ብጡል በፍልውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ስፍራውንም አዲስ አበባ ብለው ሰየሙት። መኳንንቱም ሕዝቡም ቀስ በቀስ ከተራራው ወረዱ። ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ቢሆንም፣ ከተማይቱ ያደገችው ሙቀት ባለበት በታችኛው ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ ከጦርና ከፖለቲካ ምክንያት ጎን ይህ የቤት ምክንያት ሊዘነጋ አይገባም።

ይሁን እንጂ ጥንት ሰፈሩን ሁሉ ያስነሣ የነበረው ችግር አዲሲቱንም ከተማ ደረሰባት። ሕዝቡ በበዛ ጊዜ የእንጦጦና የአካባቢው ዛፍ በማገዶና በቤት ሥራ አለቀ፤ እንጨት ከሩቅ፣ እስከ መናገሻ ደን ድረስ እየተሄደ ይመጣ ጀመር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም እንደ ጥንቱ ነገሥታት ከተማውን ለማዛወር አስበው በ1893 ዓ.ም. ገደማ ወደ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ያ ሥራ ቢፈጸም ኖሮ አዲስ አበባ እንደ ቀድሞዎቹ ሰፈሮች ተረስታ ትቀር ነበር። የአዲስ ዓለሙ ሕንፃ ግን በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ ዋና ከተማውም ከስፍራው አልተነሣም።

ከተማይቱን ካዳኗት ነገሮች አንዱ ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ሕዝቡ ይህን ስም አወጣለት። በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለማገዶና ለቤት ይደርሳል፤ ከብት አይበላውም፤ ሲቆረጥም ከጉቶው እንደ ገና ያቆጠቁጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ችግኙ በርካሽ ዋጋ እንዲሰጥና ባሕር ዛፍ የተተከለበት መሬት ከግብር ነፃ እንዲሆን አደረጉ። በዚህም ምክንያት አዲስ አበባ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በባሕር ዛፍ ተከበበች። ባሕር ዛፍ ውሃ ያበዛል፣ በሥሩም ሌላ ተክል አያበቅልም የሚለው ወቀሳ እውነትነት አለው፤ በእርሻና በምንጭ አጠገብ ሊተከል አይገባም። ነገር ግን ስንፈርድበት ያን ጊዜ የነበረውን ችግር አብረን ልንመዝን ይገባናል።

የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ቆርቆሮ በብዛት መጣ። ቆርቆሮ እሳት አይበላውም፣ ዝናምም ቶሎ አያፈስም፤ ነገር ግን እንደ ሣር ክዳን ሙቀት አይይዝም። ስለዚህ የከተማው ሰው ከቆርቆሮው በታች የአቡጄዲ ኮርኒስ ወጠረ፤ ነፋስ እንዳይገባም በግድግዳው ላይ ጋዜጣ ለጠፈ። በቤቱ መካከል እንጨት ማንደድ ስለማይቻልም ከሰል በማንደጃ ወደ መኝታ ቤት ገባ። እዚህ ላይ ትልቅ አደጋ አለ። የእንጨት ጢስ ዓይንን እያቃጠለ ያስጠነቅቃል፤ ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር ግን ሽታም መልክም የለውም። በሩንና መስኮቱን ዘግቶ ከከሰል ጋር የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። ጥንታዊው ጎጆ በሣሩ በኩል ይተነፍስ ነበር፤ አዲሱ ቤት ግን አይተነፍስም። እንግዲህ ከአባቶች የወረስነውን እሳት በአዲሱ ቤት ስናነድድ የቤቱ ጠባይ መለወጡን ማወቅ ይገባናል።

በመጨረሻም ይህን ሙቀት ማን እንደ ከፈለበት እንጠይቅ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ከተመረቀ በኋላ እንኳ የብዙው ሕዝብ ምድጃ በእንጨት ይነድድ ነበር። ያ እንጨት በራሱ አልመጣም። ከእንጦጦ ቁልቁለት ከቁመታቸው የሚረዝም የጭራሮና የቅጠል ሸክም በጀርባቸው አዝለው፣ ጎንበስ ብለው ወደ ከተማ የሚወርዱት ሴቶች ናቸው ያመጡት። ከተማይቱን ያሞቁ እነርሱ ሲሆኑ፣ ስማቸው ግን በየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ አልተጻፈም። ለአንዲት ሴት ሸክም የዋለው ገንዘብ የአንድ ቀን እንጀራ ነበረ፤ ያ ሸክም ግን የእኛን ሌሊት አሙቆታል።

ስለዚህ ውድ ጓደኞቼ ተማሪዎች፣ በቤት ውስጥ ተመችቶን ስንቀመጥ ምቾት እንደ ዝናም ከሰማይ የሚወርድ አለመሆኑን እናስብ። ጎጆውን የሠራው፣ ጋቢውን የፈተለችውና የሸመነው፣ እሳቱን ያዳፈነችው፣ ችግኙን የተከለው፣ እንጨቱንም የተሸከመችው ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን መሐንዲስ፣ ሐኪም ወይም መምህር ስንሆን ጢስ የማይበዛበትን ምድጃ፣ ሙቀት የሚይዘውን ቤት፣ ከሴቶች ጀርባ ላይ ሸክሙን የሚያወርደውን ኃይል ማሰብ የእኛ ፈንታ ነው። ያን ጊዜ ከእኛ በኋላ የሚመጡት «እንደምን ከረማችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ «በደኅና» ብለው የሚመልሱት፣ ለአንዱ ሙቀት ሌላው ሳይጎብጥ ይሆናል።