የቤት መድን በዐውሎ ነፋስ እና በበረዶ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ይከፍላልን?

በዝናብ ወቅት ኀይለኛ ነፋስ የቆርቆሮ ክዳንን ከነማገሩ ነቅሎ ይጥላል፤ በረዶም ጣሪያ እና መስኮት ይሰብራል። ቤታቸውን መድን ያስገቡ ነዋሪዎች ጉዳቱ ሲደርስ ካሳ እንደሚከፈላቸው ይተማመናሉ። ኾኖም ቤቱ መድን አለው ማለት ለዐውሎ ነፋስም መድን አለው ማለት አይደለም።

መሠረታዊው ውል

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት በስፋት የሚሰጠው የእሳት እና የመብረቅ አደጋ መድን ነው። ቤቱ ቢቃጠል ወይም መብረቅ ቢመታው ካሳ ያስገኛል። ዐውሎ ነፋስ፣ ጎርፍ እና የመሬት መንቀጥቀጥ ግን በአብዛኛው ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎባቸው፣ በውሉ ላይ በስም ሲጻፉ ብቻ ሽፋን ያገኛሉ።

ይህን ልዩነት በተለይ በባንክ ብድር ቤት የሠሩ ወይም የገዙ ሰዎች ሊያጤኑት ይገባል። ባንኮች በመያዣ የያዙት ቤት መድን እንዲኖረው ይጠይቃሉ፤ የመጀመሪያ ዓላማቸውም የሰጡትን ብድር ማስጠበቅ ነው። በመኾኑም ተበዳሪው ውሉ የትኞቹን አደጋዎች እንደሚሸፍን ራሱ አንብቦ ማረጋገጥ አለበት።

የጉዳቱ መንስኤ

የዐውሎ ነፋስ ሽፋን ሲኖር ነፋሱ የነቀለው ክዳን፣ የጣለው ግድግዳ እና በተከፈተው ጣሪያ የገባው ዝናብ ያበላሸው የቤቱ ክፍል በካሳው ይታሰባል። ከወንዝ ሞልቶ ወይም ከተዳፋት ወርዶ ቤት የሚያፈርስ ውኃ ግን ጎርፍ ስለኾነ የራሱን ሽፋን ይሻል። በረዶም በሽፋኑ መካተቱን በስም ጠይቆ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

በዝገት የተበሳ ቆርቆሮ፣ ምስጥ የበላው እንጨት እና ቀድሞ የነበረ ፍሳሽ የእርጅና ወይም የጥገና ጉድለት ተደርገው ስለሚወሰዱ ካሳ አያስገኙም። አጥር እና ግንባታው ያላለቀ ቤትም ብዙ ጊዜ ከሽፋን ውጪ ናቸው።

ቤት እና በውስጡ ያለው ንብረትም የተለያዩ ናቸው። የቤት ዕቃ እና በጎተራ የተከማቸ እህል ሽፋን የሚያገኙት በውሉ ከነዋጋቸው ሲመዘገቡ ነው። ያው በረዶ በማሳ ላይ ያወደመው ሰብል ደግሞ በቤት መድን አይካስም፤ የሰብል መድን ራሱን የቻለ ውል ነው።

የካሳው መጠን

መድን የደረሰን ጉዳት ይተካል እንጂ ትርፍ አያስገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ካሳው አደጋው በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ብዙዎችን የሚጎዳው ግን ቤትን ከዋጋው በታች ማስመዝገብ ነው።

ለምሳሌ መልሶ ለመሥራት 1 ሚሊዮን ብር የሚፈጅ ቤት በ600 ሺህ ብር መድን ተገባለት እንበል። ነፋስ የ200 ሺህ ብር ጉዳት ቢያደርስ፣ በተለመደው ስሌት ካሳው የጉዳቱ 60 በመቶ ማለትም 120 ሺህ ብር ይኾናል። ከዚህም ላይ መድን ገቢው ራሱ እንዲሸከም በውሉ የተወሰነው ድርሻ ይቀነሳል። የቆርቆሮ፣ የሚስማር እና የሲሚንቶ ዋጋ ሲንር ከዓመታት በፊት የተመዘገበው ዋጋ በቂ አይኾንም፤ ውሉ በታደሰ ቁጥር ዋጋውን መከለስ ያስፈልጋል።

ግድግዳው የጭቃ ወይም ክዳኑ የሣር የኾነ ቤት አረቦኑ ከፍ ሊል ይችላል። ያም ቢኾን የቤቱን አሠራር በትክክል መግለጽ ግዴታ ነው። እውነቱን መደበቅ ካሳ ሊያስከለክል ይችላል።

ጉዳት ሲደርስ

• ለመድን ድርጅቱ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማሳወቅ፤ ጊዜው በውሉ የተገደበ ነው።
• ፍርስራሹ ከመነሳቱ በፊት ፎቶግራፍ ማንሳት እና የተጎዳውን ንብረት መዝግቦ መያዝ።
• ዝናቡ ተጨማሪ ጉዳት እንዳያደርስ ጣሪያውን በሸራ ወይም በላስቲክ መሸፈን፣ ደረሰኙንም ማስቀመጥ።
• ገማቹ ሳያይ ሙሉ ጥገና አለመጀመር፣ የተነቀለውንም ቆርቆሮ አለመጣል።
• የቀበሌ ማስረጃ መያዝ፤ ድርጅቱ የአየር ትንበያ ተቋም ማረጋገጫም ሊጠይቅ ይችላል።

በካሳው የማይስማማ መድን ገቢ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጠው መጠየቅ፣ በውሉ በተቀመጠው የግልግል መንገድ ወይም በፍርድ ቤት መከራከር ይችላል። ይኹን እንጂ በንግድ ሕጉ መሠረት ከመድን ውል የሚነሳ ክስ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።

ዝናቡ ከመጠናከሩ በፊት ውሉን አውጥቶ ሦስት ነገሮችን ማየት ይበጃል፤ ዐውሎ ነፋስ እና ጎርፍ በስም መጻፋቸውን፣ የተመዘገበው ዋጋ ከዛሬው የግንባታ ወጪ ጋር መመጣጠኑን እና የውሉ ዘመን አለማብቃቱን። ሽፋን የሚጨመረው አደጋው ሳይደርስ ነው፤ ክዳኑ ከተነቀለ በኋላ የሚገባ ውል ላለፈው ጉዳት አይከፍልም።